ዲያቆኑን ጥላ ያዥ ብቻ አደረግነው

የጎንደር ሰዎች፣ ወገኖቼ! ዲያቆኖቻችንን አሳንሰናል። ይህን ደፍረን እንነጋገርበት።

በቅዳሴ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲሉን እንነሣለን። በጥምቀት ከታቦቱ ጋር ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ፎቶ እናነሣቸዋለን። ከዚያ ወዲያ ግን ዲያቆን ማለት ለእኛ ውኃ ቀጂ፣ ደወል ደዋይ፣ ጥላ ያዥ ልጅ ነው። የደብሩ ጉዳይ ሲመከር ማንም አይጠይቀውም።

ሹመቱ ለምን እንደ ተጀመረ ረስተናል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱና አንብቡ። በኢየሩሳሌም በየዕለቱ ማዕድ ሲታደል ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወገን የሆኑ መበለቶች ተዘነጉ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሐዋርያት ነገሩን አላድበሰበሱትም። «ከእናንተ መካከል ምረጡ» አሉ። ሕዝቡ ሰባት ሰዎች መረጠ፤ ሐዋርያት እጃቸውን ጭነው ሾሟቸው። መስፈርቱን ተመልከቱ፤ በመልካም ስም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ይሁኑ ተባለ። እንጀራ ለማደል! የድሃ ድርሻ በእጁ የሚያልፍ ሰው እንዲህ መፈተን ነበረበት።

ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ሌላው ፊልጶስ በጋዛ መንገድ የሀገራችንን ሰው ጃንደረባውን አጠመቀ። የእኛ የጥምቀት ታሪክ የሚጀምረው በዲያቆን እጅ ነው።

አቡን ቤት የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጳጳሱ መኖሪያ ነው። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ጊዜ ሀገሪቱ ከግብፅ የሚመጣ አንድ ጳጳስ ብቻ ነበራት። ዲቁና የሚሻ ሁሉ እሱ ወዳለበት ይጓዝ ነበር። ዛሬ ቀለለልን፤ ሲቀልልን ደግሞ አቃለልነው። ልጃችንን አሹመን «ልጄ ዲያቆን ነው» እንላለን። ጾሙን እንዴት እንደሚጾም፣ ትምህርቱን የት እንዳደረሰ ስንቶቻችን እንጠይቀዋለን?

ስለ ቆሎ ተማሪውም ልናገር። ደጅህ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል «እግዜር ይስጥህ» ብለህ የዘጋህበት ልጅ ዲያቆን ሲሆን የጌታን ደም በዕርፈ መስቀል፣ በቅዱሱ ማንኪያ፣ የሚያቀብልህ እሱ ነው። ውሻ ሲያባርረው አይተህ ዝም አትበል። አኩፋዳውን ባዶውን አትመልስበት።

ደግሞ አስቡት። ያ ልጅ ከደጅ ደጅ ሲለምን ያደገ ነው። የትኛዋ እናት ሳትበላ እንደምታድር፣ የትኛው ቤት ምድጃው ጠፍቶ እንደሚሰነብት ከእኛ ይልቅ ያውቃል። በቤተ ክርስቲያኖቻችን በር ላይ ተቀምጠው የሚለምኑትን እናቶች አንድ በአንድ በስማቸው ሊጠራቸው ይችላል። እኛ ግን ሙዳየ ምጽዋቱን ከፍተን ግንብ እናሳምራለን፤ እሱን አንጠይቀውም። ቆርቆሮና ቀለም አይጠሉም፤ ግን መበለቲቱ ተርባ እያደረች ያማረ አጥር ምን ይረባል?

እናንተም ዲያቆናት፣ ወንድሞቼ፣ ተግሳጹ ይመለከታችኋል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ዲያቆን ጭምት ይሁን፣ ሁለት ምላስ አይኑረው፣ ለመጠጥ አይጎምጅ፣ ነውረኛ ጥቅም አይውደድ፣ አስቀድሞ ይፈተን ብሏል። ድምፃችሁ ማማሩ ብቻ አይበቃም። ለሠርግ ወረቀት ማዕረጉን የምትጽፉ፣ ለማገልገል ግን ከቅዳሴ የምትቀሩ አላችሁ። በጸናጽልና በከበሮ የሚዜመው አቋቋም የሚመሰከርበት የበዓታ ደብር ያለባት ከተማ ልጆች ሆናችሁ ዜማችሁን እንደ ምትወዱት ሁሉ ድሃውንም ውደዱ።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ የእስጢፋኖስ የሹመት በዓል ጥቅምት 17 ነው። እስከዚያ ድረስ ጠብቁ አልላችሁም፤ ግን ቢያንስ ያን ቀን ይሁን። ከምጽዋቱ የድሃውን ድርሻ ለዩ። ለየሰፈሩ ዲያቆን መድቡ። የማን ጓዳ ባዶ እንደሆነ ይመዝግብ፣ ያድርስ፣ ያደረሰውን በጉባኤ ፊት ያስታውቅ። እሱ ራሱም በልቶ መዋሉን ከእናንተ አንዱ ይጠይቅ።