«ልትኖርበት ነው?» አለችኝ

በቃ ሄደች። ያቺ እዚህ ኮሎራዶ፣ የበረዶ ሸርተቴ (ስኪ) አገር ፍሪስኮ ያለችው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶ፣ ፎቶዋን ስልክላችሁ «ቁም ሣጥን ነው ወይስ ቤት?» ያላችሁኝ፣ ቁም ሣጥኗም ተሸጠች። በኬሽ። ኦፕን ሀውሱ (ቤቱ ለገዢ የሚታይበት ሰዓት) እንኳ ሳያልቅ። እኔ የባንኩን የፕሪ አፕሩቫል (እናበድርሃለን የሚል) ደብዳቤ እንዳይጨማደድብኝ በላስቲክ ከትቼ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ሰው ደግሞ ኩሽናውን ተደግፎ ቤት ገዛ። ደብዳቤውን እስካሁን አላወጣሁትም። ማን ጠይቆኝ!

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ከሺፍት ወጥቼ በቀጥታ ነው የሄድኩት። ልብስ የምቀይርበት ጊዜ ስላልነበረኝ ያንን የሚያንጸባርቅ መስመር ያለውን የሹፌር ጃኬት እንደለበስኩ ገባሁ። በር ላይ ሰማያዊ የላስቲክ የጫማ ሽፋን አጥልቁ ይላሉ፣ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ። ጎንበስ ብዬ አንዱን እግሬን ሳጠልቅ ኤጀንቷ ከላዬ መጣች፣ ጥርስ በጥርስ ሆና።

«እንኳን ደህና መጣህ! ለኢንቨስትመንት ነው ወይስ ለሁለተኛ ቤት?»

«ለመኖሪያ» አልኳት።

«ለመኖሪያ ማለት... ዓመቱን ሙሉ?»

«አዎ።»

«ውይ! ልትኖርበት ነው?» አለችና ሳቀች።

በክፋት አይደለም እኮ የሳቀችው። በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ተሳድቤ እወጣ ነበር። ከልቧ ገርሟት ነው። እስቲ ፍረዱኝ፤ ሄሊኮፕተር ላሳርፍበት ነው አላልኩ። ቤት ነው፣ ልኖርበት ነው። ቤት ሌላ ምን ሥራ አለው?

ገና ሁለተኛውን እግሬን ሳላጠልቅ ከዳላስ የመጡ ባልና ሚስት ገቡ። ሴትዮዋ እኔን አየች፣ ጃኬቱን አየች፣ ጨረሰች። «ይቅርታ፣ የሞቀ ውሃ ገንዳው ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አትለኝም! የሚያናድደው ደግሞ መልሱን ማወቄ ነው፤ ስገባ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ። «ማታ በ10» አልኳት። መለስኩላት! በትሕትና! የእናቴ አስተዳደግ ገደለኝ። ባልየው ቀጠለ፤ «በረዶውንስ የምትጠርገው አንተ ነህ?» ኤጀንቷ ቲማቲም መስላ «አይ አይ፣ እሱም ቤቱን ሊያይ ነው የመጣው» አለች። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ሰውየው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ተፎካካሪ አለን በሉኛ!» ብሎ ተንከተከተ። ተፎካካሪ። እኔና እሱ።

አላለቀም። «ከየት ነህ?» አለኝ። ኢትዮጵያ አልኩት። «ታዲያ ይሄን ብርድና ይሄን ከፍታ እንዴት ቻልከው? እኛ ትናንት ከገባን ጀምሮ ራሳችንን እየፈለጠን ነው» ይለኛል፣ እጁ ላይ ምን ይዞ መሰላችሁ? ኦክስጅን። በጣሳ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ከማስቲካው ጎን ይሸጣል። አየር ገዝቶ እየማገ የደብረ ብርሃንን ልጅ ብርዱን እንዴት ቻልከው ይለኛል! ጋሼ፣ እኔ የተወለድኩት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነው፣ ይሄ ጎረቤታችን ብሬክንሪጅህ 2,900 ቢሆን ነው። የኮሎራዶ ትልቁ ተራራ ኤልበርት 4,401 ሜትር ነው፣ ራስ ዳሽን ከ4,500 በላይ። ይሄን ሁሉ በልቤ ነው ያልኩት። በአፌ ያልኩት «ቀስ እያለ ይለመዳል» ነው።

«ለልጃችን ነው» አለች ሚስትየው ለኤጀንቷ፣ «ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ከጓደኞቹ ጋር እንዲያርፍበት።» ባልየው ሰዓቱን አየ። «ከሰዓት በኋላ ስኪ አለን፣ አሁኑኑ እንጨርሰው» አለ። ከተጠየቀው በላይ ጨምሮ፣ ያለ ብድር፣ ያለ ኢንስፔክሽን (ቤቱን ሳያስፈትሽ)። እኔ ጫማ ስገዛ ከዚህ የበለጠ አስባለሁ። ኤጀንቷ ስትሸኘኝ «አይዞህ፣ ያንተም ትመጣለች» አለችኝ፣ ባል እንዳጣች ልጃገረድ። የላስቲክ ሽፋኑን ሳላወልቀው ነው ለካ የወጣሁት፣ ፓርኪንጉ በረዶ ላይ እየተንሸራተትኩ ልሰበር ነበር።

እዚህ ሰፈር ግን ቤት ብዙ ሥራ አለው፣ ከመኖር በቀር። ኢንቨስትመንት ነው፣ የሌሊት ኪራይ ነው፣ ሦስተኛ ቤት ነው፣ የስኪ ማስቀመጫ ነው። ካውንቲው (ወረዳው) ውስጥ ካሉት ቤቶች አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባቸው ሰው የላቸውም። የመጨረሻውን የአውቶብስ ዙር ስነዳ አያቸው የለ፤ ሚያዝያ ላይ ስኪው ሲያበቃ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ብትሄዱ መብራት ያለበት መስኮት በጣት ይቆጠራል። አንድ ቤት አለ፣ የመኪና መግቢያው ከሥሩ የሞቀ ውሃ ቱቦ የተቀበረበት። በረዶው ገና ከመውረዱ ይቀልጣል፣ ሲሚንቶው ይጨሳል፣ ግራና ቀኙ ወገብ የሚደርስ በረዶ ተከምሮ እሱ ደረቅ ነው። መኪና የለም። ሰው የለም። መጋረጃው ከምስጋና ቀን ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ደጁ ይሞቃል! እኛ ቤት ደግሞ ማሞቂያውን ከፍ እንዳታደርጉ የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎብን በካልሲ ላይ ካልሲ ነው የምንተኛው።

«እኛ ቤት» ስል ታውቁታላችሁ፣ የመሥሪያ ቤቱ ማደሪያ። የዚህ ዓመቱ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከአርጀንቲና የመጣ ተማሪ ነው፣ ምስኪን ልጅ ነው፣ አልወቅሰውም። ግን ባለፈው ሊጤን ማሞቂያው ጎን አስቀምጬ (እዚህ ብርድ ሌላ ቦታ አይቦካም) ከሥራ ስመለስ ከላዩ ላይ የስኪ ጫማውንና የውስጥ ገበሩን አስሮ አንጠልጥሎልኛል፣ እንዲደርቅለት። ጠብ... ጠብ... ክዳኑ ላይ። ስደፋው «ተበላሽቶ ነው?» ይለኛል፣ «ሽታው ስለከበደኝ መስኮት ከፍቼለት ነበር።» የማን ሽታ! ሌላ ቀን ደግሞ ሚጣዴን ጠረጴዛ አድርጎት ስኪውን ሰም ሲቀባበት አገኘሁት። ዕድሜዬን ታውቃላችሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሚጣዴን ክፍሌ ውስጥ ቆልፌ ነው ወደ ሥራ የምሄደው።

«የሠራተኛ ቤት ሎተሪው ላይ አትሞክርም?» የምትሉኝ አላችሁ። እናንተን ነው የምፈልገው። ለማታውቁት፦ ዋጋቸው የተገደበ ቤቶች አሉ፣ ሠራተኛ ብቻ የሚገዛቸው፣ በዕጣ። ካውንቲው ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት መሥራት አለብህ፣ ገቢህ ከተቀመጠው ጣሪያ ማለፍ የለበትም፣ ስትሸጥም የምታተርፈው በዓመት ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ነው። ደግ ነገር ነው፣ አልቃወምም፤ ማትረፍ አይደለም የፈለግኩት። ፎርሙን ሞላሁ፣ የሞርጌጅ ትምህርት ተከታተልኩ፣ ሰርተፍኬት አለኝ። ከዚያ ቢሮ ጠሩኝ። ልጁ ኮምፒውተሩን አየና «ከጣሪያው ትንሽ አልፈሃል» አለኝ። በምን? የገና ሰሞን ኦቨርታይም! ሹፌር ጠፍቶ ለምነውኝ፣ እሺ ብዬ፣ በዓሌን መንገድ ላይ ያሳለፍኩበት። «በሚቀጥለው ዓመት ቀነስ አድርገህ ብትሠራስ?» ብሎ መከረኝ። ከቢሮው ስወጣ ፌርማታው ላይ የቆመው አውቶብስ ጎኑ ላይ «ሹፌር እንፈልጋለን» ይላል። ራሴ የምነዳው አውቶብስ ነው!

ባንክ ስሄድ ያው ገቢ ተገልብጦ «ትንሽ አነሰ» ይባላል። ለሎተሪው ሀብታም፣ ለባንኩ ድሃ። ስኪው ተዘግቶ በረዶው ሲቀልጥ፣ ጭቃው ሲመጣ፣ ሰዓት ይቀንሱብኛል፤ ያኔ ደግሞ 30ው ሰዓት ሞላ አልሞላ ብዬ ጣቴን እቆጥራለሁ። ገና ላይ በዝቶብኝ እወድቃለሁ፣ ግንቦት ላይ አንሶብኝ እወድቃለሁ።

እህቴ አዲስ አበባ በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባ አሁንም ትቆጥባለች። በ2014 ዕጣ ወጣ ተባለ፣ እልልታው ሳያባራ ዳታው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ፣ እንደገና ሲወጣም የእሷ ስም የለም። ደውዬ የእኔን ስነግራት «አንተም ጋ ዕጣ አለ?» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። የቤተሰባችን ዕድል እኔ ዲቪ ሲደርሰኝ ሙልጭ ብሎ ያለቀ መሰለኝ።

ኪስቶን አካባቢ ደግሞ ዋጋዋ የምትቀመስ አንዲት ስቱዲዮ አግኝቼ ነበር፣ አስታወሳችኋት? ባንኩ ከልክሎኝ ነው የቀረችው። ሕንጻው እንግዳ መቀበያ ዴስክ አለው፣ አብዛኛው ክፍል በሌሊት ይከራያል፣ ስለዚህ ለባንኩ ሆቴል ነው። እንዲህ ያለውን ብድር ፋኒ ሜይ (ከባንኮች የቤት ብድር የሚገዛው ድርጅት) አይገዛም፣ ፋኒ ሜይ ካልገዛው ባንኩ በአምስት ፐርሰንት ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) አያበድርም፣ ሩብ ያህሉን ቁጭ አድርግ ይላል። ሩቡ ቢኖረኝ እዚህ ምን አስቀመጠኝ! ጥሬ ገንዘብ ላለው ግን ሆቴልም ሆነ ገዳም ማንም አይጠይቀውም። በዚያ ላይ ወርሃዊው የኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ክፍያ፣ የሰደድ እሳት ኢንሹራንሱ። ነጠላ ቤትማ አታንሱብኝ፤ አማካዩ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ብሬክንሪጅ እ.ኤ.አ. በ2021 የሌሊት ኪራይ ፈቃድን በ2,200 ገደበች፣ ጎሽ ብለን አጨበጨብን። ቤቶቹ ወደ እኛ ዞሩ? አልዞሩም። ባለቤቶቹ ቆልፈዋቸው ሄዱ፣ ደጃቸውን እያሞቁ።

ወርቅ ፈላጊዎቹ እ.ኤ.አ. በ1859 እዚህ ሲደርሱ እንኳ እንጨት ቆርጠው ጎጆ ቀልሰዋል። ጎጆዎቹ ዛሬ ታሪካዊ ተብለው ተጠብቀዋል፣ ቱሪስት ፎቶ ይነሳባቸዋል። የሠራተኛ ቤት በዚህ ከተማ ቅርስ ነው፣ በጥንቃቄ ነው የሚታየው።

ታች ሜዳው ላይ፣ አውሮራ ከተማ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ አለ። ጋራዥ፣ ቤዝመንት፣ ጓሮ፣ ጎመን ሁሉ ተክሏል። በደወልኩ ቁጥር «ስማ፣ ተራራ ላይ ምን ትሠራለህ፣ ባሕታዊ ነህ? ውረድ!» ይለኛል። ለእማዬም እሱ ነው የሚነግራት። እሷም «ልጄ፣ ያን ሁሉ ዘመን አሜሪካ ኖረህ አንድ ጎጆ?» ትላለች። ጎጆ ታሪካዊ ሆኗል እማዬ፣ አንሸጥም ብለዋል ልበላት?

«ከተራራው ማዶ ፌርፕሌይ ግዛ፣ ሊድቪል ግዛ» የምትሉም አላችሁ። እዚያም ዋጋው ይሄን እያየ እየወጣ ነው። ደግሞ ከፌርፕሌይ ለመምጣት 3,500 ሜትር ላይ ያለውን የሁዚየር ፓስን ማለፍ አለ፤ የመጀመሪያው አውቶብስ የእኔ ነው፣ በረዶ ጠራጊው ገና ከቤቱ ሳይወጣ። የሌላው ሰው ስኪ እንዳይዘገይ እኔ ገደል ልግባ?

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ተሳፋሪው ነው። በየቀኑ፣ በየቀኑ ስላችሁ፣ አንዱ ስኪውን ተሸክሞ ሲወርድ «እንዴት ታድለሃል፣ እዚህ መኖርህ!» ይለኛል። እኔም «እውነት ነው» እላለሁ። የሚያናድደው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ስኪ አልችልም፣ ሞክሬም አላውቅም፣ ከተራራ ላይ ሆን ብሎ መውደቅ አይገባኝም። ግን ማክሰኞ ጠዋት፣ እንግዳው ሁሉ ወርዶ፣ ከዲሎን ሐይቅ ላይ ያ ደረቅ ብርድ ፊቴን ሲመታኝ ጋቢ ለብሼ እናቴ ደጅ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ። ሜዳ ላይ ይሄ የለም። አውሮራ ላይ ጎመን ነው ያለው።

ስለዚህ ውረድ አትበሉኝ፣ ቢያንስ ዛሬ አትበሉኝ። ዛሬ ኮመንት ላይ «ለበጎ ነው» የሚልም ብሎክ አደርጋለሁ፣ ዘመድም ቢሆን።

ይልቅ አውሮራ ያላችሁ፣ በዚህ ቅዳሜ ወደ ላይ የሚመጣ ካለ ከሃቫና መንገድ 20 እንጀራና አንድ ኪሎ በርበሬ ይዛችሁልኝ ኑ፣ ሊጤ እንደተደፋ ነው። እሑድ ስትመለሱ አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ፣ ዋሻው አፍ ተገትራችሁ ስትውሉ ደግሞ ለእኔ እየደወላችሁ እንዳትሳደቡ። ከፊታችሁ ያለው መኪና የዚያ የዳላሱ ሰውዬ ነው።