ደሙ እስኪሞላ ስንጠብቅ

አጎቴ የመንዝ ሰው ነው፤ ወረቀት አይጥልም። የግብር ደረሰኙ፣ የጤና መድን ደብተሩ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ ሁሉ በአንዲት ጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ከራስጌው ይቀመጣል። የዛሬ ሁለት ዓመት ከዚያች ፌስታል አውጥቶ ያሳየኝ ወረቀት ሁለት ነገር ይላል። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ አለበት። ፕላትሌቱ ደግሞ 58 ሺህ ነው። ጤነኛ ሰው ከ150 ሺህ በላይ አለው።

“ደምዎ ዝቅ ብሏል አባባ፣ መድኃኒቱን አይችሉትም። ሲሞላ ይመለሱ” ተብሎ ተሸኘ። ማን እንዳለው ይቅር።

ቤተሰቡ ደም መሙላቱን ተያያዘው። ቀይ ሥር ተቀቀለ፤ ምስር ተሠራ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት ጉበት መጣ። ጉበትን በጉበት ማከም መሆኑ ነው። ዓመት ሞላ። ደሙ ግን አልሞላም፤ 58 የነበረው 54 ሆነ።

ፕላትሌት ማነስና ደም ማነስ ለየቅል ናቸው። ፕላትሌት ስንቆረጥ ደማችንን የሚያረጋው ነው። ጉበት ለዓመታት በቫይረስ ሲቆስል ጠባሳ በጠባሳ ይሆናል፤ ሲሮሲስ የሚሉት ይህን ነው። ያኔ ደም በጉበቱ ውስጥ እንደ ልቡ አያልፍም፣ ወደ ኋላ ይገፋል። ጣፊያ ያብጣል። ያበጠ ጣፊያ ፕላትሌቱን ሰብስቦ ያስቀራል። በዚያ ላይ መቅኒን “ፕላትሌት ሥራ” ብሎ የሚያዘው ንጥረ ነገር በብዛት የሚመረተው እዚያው ጉበት ውስጥ ነው። ታዲያ ቀይ ሥር ምን ያድርግ? ቫይረሱ ሳይነካ ቁጥሩ እስኪስተካከል መጠበቅ ማለት ጉበቱ እስኪብስ መጠበቅ ነው።

“ሲሞላ ይመለሱ” ከሜዳ የመጣ ምክር ግን አይደለም። ድሮ መድኃኒቱ ኢንተርፌሮን ነበር። በመርፌ ይሰጣል፣ እስከ 48 ሳምንት ይዘልቃል፣ ራሱም ፕላትሌት ያወርዳል። ያኔ 58 ሺህ ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ያስኬድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር መጣና ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር በአንድ ክኒን ይዋጣሉ፤ በቀን አንድ፣ ለ12 ሳምንት። ሲሮሲስ ይዟቸውም ጉበታቸው ገና ሥራውን ካላቆመ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ከቫይረሱ ይድናሉ። መድኃኒቱ ተለወጠ፤ ምክሩ ግን እዚያው ቀረ።

ቁጥሩን ንቀን እንለፈው አላልኩም። ዝቅ ያለ ፕላትሌት ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ መታየትን ይጠይቃል፤ በምግብ ቱቦ ላይ ያበጡ ደም ሥሮች ከፈነዱ ሰው ይሞታል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ንግግሩ የሚምታታ ታካሚ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ወይ ሪባቫይሪን የሚባል ሌላ መድኃኒት ይጨመርለታል፣ ወይ ሕክምናው 24 ሳምንት ይሆናል፤ ጭራሽ የማይሰጡት ክኒኖችም አሉ። ይሄ የስፔሻሊስት ሥራ ነው። ሄፓታይተስ ቢም ቀድሞ ይመርመር፤ ሲ ሲወጣ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሣ ይችላል።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ አይጠፋም። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትወርድ ወባና ቢልሃርዚያም ጣፊያ ያሳብጣሉ፤ ሁሉንም በሲ ማሳበብ አይቻልም። ዓይን ቢጫ ሲሆን “የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው” የሚል አዛውንት ዛሬም አለ። ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም። አረቄው ግን ከጉበቱ ጋር ይጣላል፤ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ይህን መናገር ቢከብድም። ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዲክሎፌናክም እንደዚያው። ለጨጓራ የሚዋጠው ኦሜፕራዞል ደግሞ ቬልፓታስቪር በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። አጎቴ ሁለቱንም ይወስድ ነበር። የጠየቀው ግን አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የሠለጠነ ጠቅላላ ሐኪምና ነርስም ይህን ሕክምና ሊሰጡ እንደሚችሉ አስታውቋል። እና ሆዱ ውኃ ያልቋጠረ፣ ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ የመንዝ መሐል ሜዳ ገበሬ ለአንድ ክኒን ለምን ሪፈር ይዞ አዲስ አበባ ይንከራተታል? ለአልጋና ለትራንስፖርት በግ ሸጦ? ምርመራውም ክኒኑም ወደ ዞኑ ሆስፒታሎች ይውረድ። ስፔሻሊስቱ ለከበደው ይቆይ።

ፌስታሏ ውስጥ አሁን ሌላ ወረቀት ገብቷል። ክኒኑን ከጨረሰ ከ12 ሳምንት በኋላ የተሠራ ነው፤ ቫይረሱ የለም ይላል። ፕላትሌቱ 71 ሺህ። “ታዲያ መቼ ሞላ?” ይለኛል እየሳቀ። አልሞላም። ጠባሳው ስላልጠፋ የካንሰሩ ስጋትም አልጠፋም፤ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መታየት አለበት። ቀጣዩ ቀጠሮው ታኅሣሥ ላይ ነው። የታኅሣሥን ውርጭ ስለሚያውቀው ለወረፋው ባናውን ይዞ ይመጣል።