አባ ይደርሳል

አያቶቻችን ለጀግና የፈረስ ስም ያወጡ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የዘመናችንን ባለ ጋሪ ያለ ፈረስ ስም መተው ነውር ነውና እኛም «አባ ይደርሳል» ብለነዋል። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ ፈረሱ ቆሞ እየሄደ ሐኪም ዘንድ በመውሰድ ገንዘብ አባክኖ አያውቅም።

የክትባት ጥበቡን እንመስክር። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት፤ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ትበረታለች። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ የተከተበ ፈረስ በሽታውን መቋቋም እስኪጀምር ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ችኩል ሰው ይህን ሰምቶ ሰኔ ላይ ያስከትባል። አባ ይደርሳል ግን ያለ ማስረጃ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ የጎረቤት ፈረስ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ አብጦ፣ ወይም በአፍንጫው አረፋ ደፍቆ መሞት አለበት። በማግስቱ ማለዳ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቀዳሚው እርሱ ነው፤ ያውም በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ፈረስ እየሳበ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ምቀኞች ናቸው። ሰልፉ ከረዘመበትም ብልቃጡን ተቀብሎ በሸሚዝ ኪሱ ይዞት ይሄዳል። ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተያዘ ዋጋ ያጣል፤ ቢሆንም ከባለቤቱ ደረት የበለጠ ምን ቦታ አለ? ሰፈር ሲደርስ በአንዲት መርፌ አሥሩን ፈረስ ያዳርሳል። በዚህ መንገድ ከታመመው ፈረስ ደም ለጤነኞቹም በነፍስ ወከፍ ይደርሳቸዋል።

የትል መድኃኒት ላይማ ፍትሐዊነቱ ወደር የለውም። ሐኪሞች የፈረሱን ኪሎ ለማወቅ ሜትር ይዘረጋሉ፦ ከክርኑ ጀርባ የደረቱን ዙሪያ ለክተው በራሱ ያባዙታል፤ ያንን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ባለው ርዝመት አባዝተው ለ11,880 ያካፍሉታል። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 130 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 215 ኪሎ ግድም ይመጣል። ኢቨርሜክቲን የተባለው የትል መድኃኒት በአፍ ሲሰጥ ለአንድ ኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ 43 ሚሊግራም። አባ ይደርሳል ይህን ሁሉ ቁጥር በአንድ እይታ ያልፈዋል፤ የአንዱን ድርሻ ለሦስት ያካፍላል። ፈረሶቹ አይሽሩም፤ በሕይወት የተረፉት ትሎች ግን መድኃኒቱን ለምደው ይራባሉ።

ሰኮና በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይስተካከል ይባላል። እርሱ ፋሲካን ይጠብቃል። ውኃም አያበዛም፤ ሙቀት ላይ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ቢፈልግም ሆዱ የሞላ ፈረስ ይሰንፋል ባይ ነው። በዚህ ላይ ፈረሱ ከቆሻሻ ክምር የለቀመው ፌስታል ሲጨመርበት ሆዱ ይቆለፋል፤ ያኔ አረቄ በጠርሙስ ይጋትለታል። አረቄው ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ የሆድ ሕመሙ ይረሳል፤ ሳንባው ይቀድማል።

ትልቁ ሙያው ግን ቁስል ላይ ነው። ደረት ላይ የሚያርፈው የጎማ ቁራጭ ቆዳውን ይልጣል፤ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ማድረግና ማታ ማታ ላቡን ማጠብ ይበቃ ነበር። ከተላጠም በኋላ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠብ፣ ዝንብ ማራቅና እስኪደርቅ ማሳረፍ ነው። ይህ የሰነፍ ሕክምና ነው። አባ ይደርሳል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ሥጋው ሲቃጠል «ያዘ» ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ይጠምደዋል። የተላጠ ቆዳ የሚፈልገው ፈንገስም በዝንቡና በተዋሰው ልጓም በኩል ይገባል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ በእግሩና በአንገቱ ላይ እንደ ጨሌ የተሰካካ እብጠት ይደረደራል፤ አንዱ ፈርጦ መግል ሲያወጣ ሌላው ይከተላል። መጀመሪያ ላይ ቢታይ የሚሞከር ሕክምና ነበረ፤ ረጅምና ውድ ቢሆንም። አባ ይደርሳል የሚደርሰው ግን ብረት አግሎ ሊተኩስ ነው።

ፈረሱ መጎተት ሲያቅተው በክብር ጡረታ ይወጣል፤ ማለትም አስፋልት ዳር ይለቀቃል። ባለቤቱም ገበያ ወጥቶ ጤነኛ ፈረስ ይገዛል፤ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፣ አስሩጦ ይፈትናል፣ ዋጋ ይከራከራል። ቤት ሲያደርሰው ከሚስማሩ ላይ ያንኑ መግል የደረቀበትን የደረት ማሰሪያ አውርዶ ያጠልቅለታል። ፈንገሱ እዚያ ላይ ለሳምንታት እንደሚቆይ ቢነገረውም ማሰሪያው አዲስ ነው፤ ገና ባለፈው ዓመት ነው የገዛው።