ሌቭ ነጻነቱን ያጣው ዩሮ ሲገባ አይደለም

ቡልጋሪያ የራሷን ገንዘብ ሌቭን ትታ ወደ ዩሮ የገባችው በፈረንጆች 2026 አዲስ ዓመት ነው። የያኔው ፕሬዝዳንት ሩመን ራዴቭ በዋዜማው ንግግራቸው ያንኑ ነገር ደግመው አነሱት፣ ወደ ዩሮ ስንገባ ሕዝቡ በሪፈረንደም አልተጠየቀም አሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ግንቦት ራሳቸው ሐሳቡን አቅርበው የፓርላማዋ አፈ ጉባኤ ለውይይት እንኳ ሳያቀርቡት መልሰውባቸዋል። ይሁን፣ ሕዝብ ይጠየቅ ማለት ነውር የለውም። እኔን ያበገነኝ ከሳቸው ኋላ ተሰልፎ "ሌቭ ሄደ፣ ሉዓላዊነታችን ተሸጠ" እያለ የሚጮኸው ነው፣ ይሄንኑ ደግሞ የኛ ሰዎች በአማርኛ እየገለበጡ ሼር ሲያደርጉት ሰነበቱ።

የቱ ሉዓላዊነት ነው የተሸጠው?

ቡልጋሪያ በገንዘቧ ላይ ሙሉ ሥልጣን የነበራት ጊዜ ምን እንደሆነ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ከ100 ሌቭ በታች የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ወደ 3,000 ተጠጋ፣ ባንኮች ተራ በተራ ወደቁ፣ ፌብሩዋሪ 1997 ላይ በአንድ ወር ብቻ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ፣ የጡረተኛው የወር ገንዘብ ጥቂት ዶላር ሆኖ ቀረ፣ ሕዝቡም ወጥቶ ፓርላማውን ከበበ። የገንዘብ ማተሚያው በእጃቸው ነበር እኮ ያኔ!

ከዛ ጁላይ 1, 1997 ከረንሲ ቦርድ የሚሉት መጣ። ማዕከላዊ ባንኩ በካዝናው የውጭ ምንዛሪ ካልያዘ ሌቭ ማውጣት አይችልም፣ ለመንግሥትም አያበድርም፣ 1,000 ሌቭ ማለት አንድ የጀርመን ማርክ ነው ተብሎ በሕግ ታሰረ፣ 1999 ላይ ሦስት ዜሮ ሲቆረጥ አንድ ሌቭ አንድ ማርክ ሆነ። እኛም ብር በዶላር 2.07 ተብሎ እስከ 1992 (እ.ኤ.አ.) ስንኖር አይተናል፣ ግን የኛው ወረቀት ላይ ነበር፣ ትክክለኛው ዋጋ ጥቁር ገበያ ነበር የሚነገረው። የነሱን ባንክ ሄደህ በዛው ዋጋ ትቀይረው ነበር። እና ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ጀርመን ራሷ ማርኳን ትታ ዩሮ ገባች፣ 1 ዩሮ 1.95583 ማርክ ተብሎ ተዘጋ፣ ሌቭም እስከ መጨረሻው ቀኑ በዚችው 1.95583 ላይ ቆመ። ጀርመኖች የቀበሩትን ገንዘብ ቁጥር ተሸክሞ ሃያ ምናምን ዓመት የኖረ ገንዘብ ነው ዛሬ የነጻነት ባንዲራ የሚደረገው! ስሙ በድሮ ቡልጋርኛ አንበሳ ማለት ነው፣ ሰው ቢያዝንለት አልፈርድም። ሉዓላዊ ነበር ማለት ግን ሰውን ማታለል ነው።

ዩሮ በገባበት ሳምንት ዋና ከተማዋ ሶፊያ ነበርኩ። አንድ ዳቦ ቤት ከፊቴ የተሰለፉ አሮጊት ባኒጻ የሚሉትን የአይብ ጥቅል ገዝተው 10 ሌቭ ሰጡ፣ መልሱ በዩሮ መጣላቸው። ባለ 1 ዩሮዋን ሳንቲም አገላብጠው አዩአት፣ የሪላው ቅዱስ ዮሐንስ ነው፣ ባለ 1 ሌቩ ላይ የነበረው ራሱ፣ ከዛ የዋጋውን ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ ሁለቱንም ዋጋ አነበቡ። የሳቸው ፍርሃት ይገባኛል፣ አጠጋግቶ የሚጨምር ነጋዴ አይጠፋም። ግን ሁለቱም ዋጋ እስከ ኦገስት 8, 2026 ጎን ለጎን እንዲለጠፍ ሕግ ወጥቷል፣ የጨመረውን ነጋዴ መያዝ ነው እንጂ ዩሮን ምን አድርጊ ነው የሚሏት?

ሕዝቡ መጠየቅ ነበረበት ከተባለ 1997 ላይ ነበር፣ እውነተኛው ውሳኔ ያኔ ነው የተወሰነው። ከዛ ወዲህ ፍራንክፈርት ያለው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲጨምር ሲቀንስ ሶፊያ ከበር ውጭ ቆማ ትሰማ ነበር። ዩሮ ከገባ ወዲህ ግን የቡልጋሪያ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ዲሚታር ራዴቭ (ስማቸው ከቀድሞው ፕሬዝዳንት ጋር ገጠመ እንጂ ሌላ ሰው ናቸው) እዛው ጠረጴዛ ላይ ወንበር አላቸው፣ ድምፁ በተራ ቢሆንም። ለሉዓላዊነት የሚቆረቆር ሰው እኚህ ሰውዬ እዛ ገብተው ለቡልጋሪያ ምን ብለው እንደሚከራከሩ ይከታተል፣ ይጠይቃቸው፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው እንኳ አልነበረውም።