ግራኝ ስለሆንክ የአምባሰል ቅኝት ጊታር ላይ አይገለበጥም

አብሽር ወንድሜ፣ «ግራኝ ጊታሩን በዳድጋድ (ከተለመደው የተለየ ቲዩኒንግ፣ ማለትም የክር አቃኛኘት) ሲቃኝ ስኬሉን (የኖታ ቅደም ተከተሉን) ገልብጦ ነው የሚማረው» የሚሏት ነገር ደሴም ኮምቦልቻም ትዞራለች ግን ስህተት ናት። ክሮቹ ላንተ እጅ ተገልብጠው ከታሰሩ ወፍራሙ ያው 6ኛ ክር ነው፣ ታብም (የትኛው ክር የቱ ጋ እንደሚያዝ በቁጥር የሚያሳየው ጽሑፍ) አይቀየርም፣ የሚገለበጠው የአኮርድና የስኬል ስዕሉ ብቻ ነው። ኖታ ቦታ የሚቀይረው በቲዩኒንጉ እንጂ በእጅህ አይደለም፤ ዳድጋድ (ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሬ ላ ሬ ሶል ላ ሬ) ላይ 1ኛ፣ 2ኛና 6ኛ ክር ከተለመደው ስለሚላሉ እነሱ ላይ ያለው ኖታ ሁሉ 2 ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ወደ ሳጥኑ ይጠጋል፣ ሌሎቹ አይነኩም። አምባሰልን ከሬ ጀምር፦ ባዶ ክር፣ ከዚያ ፍሬት 1፣ 5፣ 7፣ 8። ደስ የሚለው 1ኛም 4ኛም 6ኛም ሬ ስለሆኑ ሦስቱም ላይ ያው ቁጥር ነው፣ ለቀኝም ለግራኝም! የቀኝ ጊታር ክሩን ሳትቀይር ዘቅዝቀህ ከያዝክ ግን የጣትህ አቀማመጥ ይለያል፣ ፍሬቱ ግን ያው ነው።