ማስተካከያ፦ የደን መሬት በመዋጮ አይገዛም

ሰሞኑን «በጎጃም የቀረውን የአገር በቀል ደን መሬቱን ገዝተን እናድን፤ አዋጡ» የሚል መልእክት በስፋት ሲዘዋወር ነበር። ሐሳቡ ደግ ነው። መሬቱ ይገዛል የሚለው ግን ስህተት ነው።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ በካሬ ሜትር ተሰልቶ የሚከፈል ገንዘብ ማንንም የደን ባለቤት አያደርግም። የግዢ ውል ቢጻፍም አይጸናም። ገንዘብ የላካችሁ፣ ደረሰኛችሁን ያዙ። አሰባሳቢዎቹንም ብሩ ለምን እንደሚውል በጽሑፍ ጠይቁ።

ደን መጠበቅ ግን ይቻላል። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንንም ያውቃል። እኔ እንደማስበው መዋጮው ቢውል የሚያዋጣው በአጥር ላይ ነው። በጎጃም ብዙ ቦታ የተረፈው ደን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ነው። ከብት ሲገባ ትልልቁን ዛፍ ምንም አያደርገውም፤ የሚረግጠውና የሚግጠው ከሥር የበቀለውን፣ ገና ጣት የሚያህለውን ዝግባና ወይራ ነው። ያረጀው ሲወድቅ ታዲያ ተተኪ የለም። የድንጋይ ካብ ይህንን ያስቆማል። ድንጋዩ ከአጠገቡ ካለው ማሳ ሲለቀም ደግሞ ለገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል። በደቡብ ጎንደር በዚሁ መንገድ የታጠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

መልእክቱን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ «መግዛት» የሚለውን አስተካክላችሁ መልሳችሁ ላኩት።