ታዛ ወይስ መረብ? ስለ ከሰዓት ፀሐይ የተደረገ ክርክር

የክርክሩ ጥያቄ አጭር ነው። በግንቦት ሙቀት ቤት እንዳይግል መስኮቱን ከውጭ በምን እንጋርደው? አንደኛው ተከራካሪ ከሚሴ ላይ የራሳቸውን ቤት ያሠሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ታዛ ይላሉ። ሁለተኛዋ ኮምቦልቻ ተከራይታ የምትኖር ወጣት ናት። የሚወርድና የሚወጣ መረብ ትላለች።

የታዛው ወገን፦

መጀመሪያ የምንስማማበትን ልናገር። የውስጥ መጋረጃ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ሙቀት ብዙም አያስቀርም። ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃው ይግላል። የጋለው መጋረጃ ደግሞ ሙቀቱን የሚተፋው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ፀሐይን ከመስታወቱ ወዲያ ማስቆም ነው። እዚህ ድረስ ከዚህች ልጅ ጋር ጠብ የለንም።

አሁን ወደ ታዛዬ ልምጣ። ብዙ ሰው ፀሐይ ሁሌ በደቡብ በኩል የምታልፍ ይመስለዋል። ለታኅሣሥ ልክ ነው። ወሎ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። የማያምን ሰኔ 14 ቀን ቀትር ላይ ግቢው መሃል ይቁምና ጥላውን ይይ። ወደ ደቡብ ይወድቃል።

ያኔ ፀሐይዋ አናት ላይ ነች ማለት ይቻላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ የሰሜን መስኮት 30 ሳንቲ ሜትር በወጣች ታዛ ከቀትር ፀሐይ ይድናል። ለደቡቡ በታኅሣሥ ቀትር 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ታዛ አንዴ ይሠራል፤ አለቀ። ገመድ አይጎተትለት፣ ጠባቂ አይቀጠርለት።

የመረቧ ወገን፦

ጋሼ፣ ሰሜኑንና ደቡቡን አሳምረው ተናገሩ። ምዕራቡን ግን ዘለሉብኝ። ቤት የሚያነደው እኮ እሱ ነው! የእኔ መኝታ ቤት መስኮት ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። በግንቦት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች። የእርስዎኑ 1 ሜትር ከ20 መስኮት በዚያ ሰዓት በታዛ ልጋርድ ካልኩ፣ ታዛው ከ2 ሜትር ተኩል በላይ መውጣት አለበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሱም አይበቃም።

ደግሞ ተከራይ ነኝ። ታዛ ልሥራ ብል በማን ግድግዳ ላይ?

ያደረግኩትን ልንገርዎት። ለችግኝ ማፍያ የሚዘረጋውን አረንጓዴ መረብ ገዛሁ። ከላይ በቀጭን ብረት ሰቀልኩት። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቄዋለሁ፤ በመሃል አየር እንዲያልፍ። ከተለጠፈ መረቡ ራሱ ግሎ መስታወቱን ያግላል። ቀን 7 ሰዓት ላይ አወርደዋለሁ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ እጠቀልለዋለሁ። ማታ ደግሞ መስኮቱን ከፍቼ ቀዝቃዛውን አየር አስገባለሁ። ቤት ስቀይር ጠቅልዬው እሄዳለሁ።

የታዛው ወገን፦

ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ስትይ ያስፈራሽኝ መስሎሽ ነው? እህቴ፣ እሱ እኮ በረንዳ ነው! ሰሌኑ ይዘረጋበታል፣ ቡናው ይፈላበታል፣ እንግዳ ይቀመጥበታል። ክረምት ሲመጣ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል፤ ልብስም ይሰጣበታል። መረብሽ ዝናብ ያስጥላል?

ስለ ነፋሱስ ምነው ዝም አልሽ? የከሰዓት ነፋስ ሲነሳ መረብ እንደ ባንዲራ ነው የሚውለበለበው። ከዚያ ይቀደዳል።

በዚህ አጋጣሚ የራሴንም ጥፋት ልናገር፤ የታዛ ጠበቃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ በያጅ በምዕራብ መስኮቴ ላይ የላሜራ ጥላ በየደልኝ። ከላይ ከግድግዳው ጋር ክፍተት ሳይተው ደፈነው። ከሰዓት ላይ ላሜራው ይግልና የሞቀው አየር መውጫ ያጣል። መስኮቱን ስከፍት ፊቴን የሚመታኝ የምጣድ ወላፈን ነበር። ኋላ ከግድግዳው አላቅቄ አራት ጣት ክፍተት አስተውኩለት፤ ወላፈኑ ቀነሰ። ስለዚህ ብረት የሚያሠራ ሰው ከላይ ክፍተቱን አይርሳ።

የመረቧ ወገን፦

አብሽር ጋሼ፣ ስለ ነፋሱ እውነትዎን ነው። የመጀመሪያው መረቤ በሁለት ሳምንት ተቀደደ። ታችኛው ጫፉ ልቅ ስለነበር ነው። አሁን ከታች ቱቦላሬ፣ ማለት ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት፣ አስገብቼበታለሁ፤ ሁለቱ ማዕዘኖች ደግሞ በገመድ ከመንጠቆ ጋር ይታሰራሉ። ነፋሱ ከበረታም እጠቀልለዋለሁ። ታዛ ግን አይጠቀለልም!

ይሄ ነው ዋናው ነገሬ። እኔ ጥላ የምፈልገው አራት ወር ነው። እርስዎ ዝቅ ካለችው ከሚሴ ስለሆኑ አይታይዎት ይሆናል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ ይበርዳል። ያኔ የከሰዓት ፀሐይ ክፍሌ ትግባልኝ እላለሁ። ደሴ ያለችው እህቴማ፣ 2,500 ሜትር ላይ፣ ስለ ጥላ ሳወራ ትስቅብኛለች። የእርስዎ በረንዳ ክፍሉን ዓመቱን ሙሉ ያጨልመዋል።

የማልክደው አንድ ነገር አለ። መረብ ሰው ይፈልጋል። አንድ ቀን ጠዋት ሳላወርደው ወደ ደሴ ወጣሁ። ማታ ስመለስ ቤቱ ዳቦ የሚያበስል ነበር።

የታዛው ወገን፦

አየሽ! ሥራ የሚውል ሰው በ7 ሰዓት መረብ ሊያወርድ ከየት ይመጣል? ለዚህ መልሱ ሐረግ ነው። በበረንዳው ጠርዝ ላይ ሽቦ ወጥረሽ ቅል ብትዘሪበት፣ ዝቅ ብላ የምትገባውን የ11 ሰዓት ፀሐይ ቅጠሉ ይቀበልልሻል። ቅጠል ውኃ ስለሚያተን እንደ ላሜራ አይግልም። ክረምት አልፎ ሲደርቅ ትነቅይዋለሽ፤ የታኅሣሥ ፀሐይሽም ትገባልሻለች።

የመረቧ ወገን፦

ቅሉ መቼ ይዘራል ጋሼ? ዝናቡን ጠብቆ ከሆነ ቅጠሉ የሚሞላው ሐምሌ ነው። ሐምሌ ደግሞ ደመናው ራሱ ጥላ ነው። እኔ የምቃጠለው በግንቦት ነው!

የታዛው ወገን፦

በየካቲት ዝሪና ውኃ አጠጪው። የእጅ መታጠቢያው ውኃ ይበቃዋል። አልያም ወይን ትከይ፤ ሁለት ዓመት ብትታገሺው ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መዝራት የለም። በረንዳውን ደግሞ ለአከራይሽ ንገሪያቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ የሚጠቀሙትም እሳቸው ናቸው።

የመረቧ ወገን፦

ነግሬያቸዋለሁ። «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በረንዳ ከወጣለት ግን ኪራዩም ይጨምራል» አሉኝ። ወይኑንም ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ልቆይ አልቆይ አላውቅም። ነገ አንድ ሜትር መረብ ልጨምር ነው፤ የወጥ ቤቱም መስኮት ወደ ምዕራብ ነው።